የይለፍ ቃልና የጠባቂው ኃላፊነት

ቤት የሚጠበቀው በመዝጊያው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ቁልፉን በያዘው ሰው ጥንቃቄም ጭምር ነው። በዘመናችን የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ፤ የተማሪው ውጤትና የበሽተኛው ታሪክ በኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጥ ስለ ጀመረ፤ ቁልፉ የይለፍ ቃል ሆኗል። ፓይቶን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ወጣት በጥቂት መስመር ትእዛዝ የይለፍ ቃል ሊያወጣ፤ ሊመረምርና ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህ የሚያስመሰግን ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ የሥራው መቅለል ኃላፊነቱን አያቀለውም።

መጀመሪያ ስለ ማውጣቱ እንናገር። በፓይቶን ውስጥ ‹‹ራንደም›› የተባለ ዕጣ ማውጫ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ለጨዋታና ለናሙና ሥራ የሚስማማ ነው እንጂ ለምስጢር የተሠራ አይደለም። ቁጥሮቹ በዕጣ የወጡ ይምሰሉ እንጂ በስሌት እየተከታተሉ የሚመጡ ስለ ሆኑ፤ 624 ሙሉ ውጤቶችን በተከታታይ ያየ ዐዋቂ የሚቀጥለውን አስቀድሞ ሊያሰላ ይችላል። ስለዚህ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይቶን 3.6 ላይ ‹‹ሲክሬትስ›› የተባለ ሌላ ክፍል ተጨመረ። ለይለፍ ቃል የሚገባው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ምርመራው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ‹‹ቁጥር ጨምር፤ ምልክት ጨምር፤ በየሦስት ወሩ ለውጥ›› ይላሉ። ሠራተኛው ግን የቀድሞውን ቃል ይዞ በመጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይራል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፤ ቃሉ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር በየጊዜው ለውጡ ማለት እንዲቀር፤ ይልቁንም አዲሱ ቃል ቀድሞ ከተሰረቁት ቃላት ዝርዝር ጋር እንዲመሳከር መክሯል። ሰውን ከማስጨነቅ ረጅም ቃል እንዲመርጥ መርዳት ይሻላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው አቀማመጡ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ ከተባለው ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ተሰረቁ፤ ሁሉም እንደ ተጻፉ በግልጽ ተቀምጠው ነበር። ብዙ ሰው የመረጠውም ‹‹123456›› ሆኖ ተገኘ። ጠንቃቃ ሠራተኛ ግን ቃሉን ራሱን አያስቀምጥም። ለእያንዳንዱ ሰው ‹‹ጨው›› የሚባል ልዩ የዘፈቀደ ቁጥር ከቃሉ ጋር ቀላቅሎ፤ እንደ ‹‹ኤስክሪፕት›› ባለ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ በተደረገ ስሌት ወደማይመለስ ምልክት ይለውጠዋል። ይህ መሣሪያ በፓይቶን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ሌባው መዝገቡን ቢወስድ እንኳ እያንዳንዱን ቃል በመገመት ብዙ ይደክማል።

‹‹የኛ መሥሪያ ቤት ትንሽ ነው፤ ማን ይነካዋል?›› የሚሉ አሉ። አባባሉ ስሕተት ነው። ብዙ ሰው አንዱን ቃል በልዩ ልዩ ቦታ ስለሚጠቀምበት፤ በትንሹ ቢሮ የተሰረቀው ቃል የትልቁን ባንክ በር ሊከፍት ይችላል። ጉዳቱም የሚደርሰው ፕሮግራሙን በጻፈው ላይ ሳይሆን አምኖ ስሙንና ምስጢሩን በሰጠው ባለጉዳይ ላይ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፤ ፕሮግራሙ ስለ ሠራ ብቻ ሥራው ተፈጸመ አትበሉ። ቢሰረቅ ምን ይሆናል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፤ ጥበቃው ከመጀመሪያው መስመር ይጀመር እንላለን።