የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከስትሪመሩ እስከ አምፕሊፋየሩ

የዚህ እትም ሰፊ ቦታ የተሰጠው ለአንድ አጭር ገመድ ነው፤ ሙዚቃ ከኢንተርኔት የሚቀበለውን ስትሪመር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ከሚለውጠው ዳክ ጋር ለሚያገናኘው።

ኦፕቲካል ገመድ መረጃውን በብርሃን ያሻግራል። በዕቃዎቹ መካከል የኤሌክትሪክ ንክኪ ስለሌለ፣ ከኮምፒውተር ወይም ከቴሌቪዥን የሚሻገረውን እዝዝታ ይቆርጣል። ኮአክሲያል ገመድ ከመረጣችሁ 75 ኦም መሆኑን አረጋግጡ። እኔ የማደላው ለዩኤስቢ ነው፤ አሲንክሮነስ በተባለው አሠራር የመረጃውን ፍጥነት የሚወስነው የዳኩ የራሱ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም መሆን ያለበት ድምፁ በሚፈጠርበት ቦታ ነው።

ሆኖም ገንዘባችሁን ለውድ ገመድ ከማውጣታችሁ በፊት የስትሪመሩን ሴቲንግ እንድታዩ አጥብቄ እለምናለሁ። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የሲዲ ሙዚቃ ሳናውቀው ወደ 48 እየተለወጠ ዳኩ ጋ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የስትሪመሩን ቮልዩም ሙሉ ላይ አስራችሁ ድምፁን በአምፕሊፋየሩ መቆጣጠርም ይበጃል። ዳኩ ቮልዩም ከሌለው ፓወር አምፕሊፋየር ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ግን ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፤ ድምፁ በሙሉ ኃይሉ ወጥቶ ስፒከሩን ሊያቃጥል ይችላል። የግንኙነቱን ሥዕል በመሃል ገጾች ታገኛላችሁ።