በምናለሽ ተራ ስለሚሸጡት የተበላሹ ዕቃዎችና በውስጣቸው ስለሚቀረው ምሥጢር

ከመርካቶ ተራዎች አንዱ ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነውና በዚያ ስፍራ የማይጠየቅና የማይገዛ አሮጌ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ቁራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበው ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና የተቃጠለ ራዲዮ ወደዚያ ይገባል፤ በብልህ እጅ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሥራ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ፥ ለከተማውም ጽዳት ስለ ሆነ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከቆርቆሮውና ከጠርሙሱ ጋራ አዲስ ዓይነት ዕቃ ተጨምሯል። ይኸውም በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያድለው ራውተር፥ ከእርሱም ጋራ የሚገናኙት ቴሌቪዥን፥ የጥበቃ ካሜራ፥ ማተሚያና በስልክ የሚታዘዝ አምፖል ናቸው። ቆርቆሮ ሲጣል በውስጡ የሚቀር ነገር የለም፤ ራውተር ግን ቢበላሽም የቤቱን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል እንደ ያዘ ይቀራል። ጌታው «ከእንግዲህ አይሠራም» ብሎ በጥቂት ብር ሲሸጠው የቤቱን ቁልፍ አብሮ መስጠቱን አያስበውም።

ዕቃው ምሥጢሩን የሚጽፍበት ክፍል ፍላሽ የሚባል ትንሽ ማኅደር ነው፤ ይህም ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የተጻፈበትን አይረሳም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚበላሸው ማኅደሩ ሳይሆን ኃይል የሚቀበለው ክፍል ነው። የመርካቶ ጠጋኝ ያን የተቃጠለ ክፍል ከሌላ ዕቃ ነቅሎ ቢተካው ዕቃው እንደ ገና ይነሣል፤ ሲነሣም የቀድሞ ጌታውን ቃል ይዞ ነው። ባለቤቱ ግን ዕቃው አልበራ ስላለው ለመደምሰሻ የተበጀችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ሊያጠፋው አልቻለም ነበር። እንግዲህ ሳይደመሰስ ከቤት የሚወጣው ከደኅናው ይልቅ የተበላሸው ዕቃ ነው።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች 86 ያገለገሉ ኤኮ ዶት የተባሉ የአማዞን ዕቃዎች ገዝተው ሲመረምሩ ከመቶው 61 ያህሉ ሳይደመሰሱ የተሸጡ ሆነው እንዳገኟቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. አስታወቁ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ከተደመሰሱትም ውስጥ የዋይፋይ ቃል ሊወጣ መቻሉ ነው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ኢሴት የተባለው ኩባንያ 18 ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ራውተሮች ገዝቶ፥ ሊመረምራቸው ከቻለው ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶቻቸውን ምሥጢር አገኘ።

«የዋይፋይ ሞገድ ከግቢ ብዙ አይርቅም፤ በአዲስ ከተማ የተሸጠ ዕቃ በቦሌ ያለውን ቤት ምን ያደርገዋል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት አደጋው ትንሽ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ብዙ ሰው ለዋይፋዩ ያወጣውን ቃል ለኢሜይሉም ለሌላውም ምሥጢሩ ይደግመዋል። የመሥሪያ ቤት ወይም የደብር ጽሕፈት ቤት ሲሆን ደግሞ ስሙ በዋይፋዩ ላይ ተጽፎ፥ ስፍራውም በበሩ ሰሌዳ ታውቆ ሳለ ርቀት ምን ይጠቅማል?

አንዳንዶች ዕቃውን በመዶሻ ሰባብረው ወይም አቃጥለው ይጥላሉ። ማቃጠሉ ክፉ ጢስ ለጎረቤት ማጠጣት ነው፤ መሰባበሩም የጠጋኙን ሲሳይ ያጠፋል። ለመኖሪያ ቤት የሚሻለው በቤት የቀረውን ቁልፍ መለወጥ ነው። አምፖሉ ወይም ካሜራው ተበላሽቶ ሲወጣ የዋይፋዩ ቃል በዚያው ቀን ቢለወጥ፥ ዕቃው ይዞት የሄደው ቃል ምንም በር አይከፍትም። ራውተሩ ራሱ ሲተካ ግን ሰዎች ስልካቸውን እንደ ገና ላለማገናኘት ብለው ለአዲሱ የአሮጌውን ስምና ቃል ይሰጡታል፤ ጥበቃውን ሁሉ የሚያፈርሰው ይህች ስንፍና ናት። አምፖልና ካሜራን ከፊተኛውም ቀን ጀምሮ ለእንግዳ በሚሰጠው በሁለተኛው ዋይፋይ ላይ ማገናኘት ደግሞ ድካሙን ያቃልላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ግን በዚህ አያበቃም። የመሥሪያ ቤት ራውተር ከዋይፋይ ቃል በላይ ከቅርንጫፎች ጋራ የሚገናኝበትን መንገድና የተፈቀደላቸውን ሰዎች መዝገብ ስለሚይዝ፥ ማኅደሩ ተነቅሎ መሰበር ይገባዋል፤ የቀረው አካል ይሸጥ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሚገባውን ይቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ምሥጢር የያዘውን ወገን ጠብቅ ብሎ ያዝዛል። ቁልፉን በጨረታ ሸጦ ሌባውን ብቻ መክሰስ አይቻልም።

ስለዚህ በየንብረት ክፍሉ ባለው የማስወገጃ ቅጽ ላይ፥ ዕቃው መደምሰሱን ወይም ማኅደሩ መነቀሉን፥ ይህንም ያደረገው ሰው ማን እንደ ሆነ ከነፊርማው የሚያሳይ አንድ መስመር ቢጨመር ወጪው የቀለም ብቻ ነው። ጨረታ እየጠበቁ በየመጋዘኑ የተቆለሉትም ከግቢው በር ከመውጣታቸው በፊት አንድ ባለሙያ ይያቸው።