ጠመንጃ በማን ፈቃድ?

በዛሬው የእሑድ ገጻችን ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ለገቡ ወጣቶች ልናመለክት የምንወደው፥ አንድ ዜጋ ራሱንና ቤቱን ለመጠበቅ በእጁ ሊይዝ ስለሚፈቀድለት መሣሪያ ነው።

ጠመንጃ በአገራችን ከብረትነቱ በላይ ክብር ያለው ነገር ሆኖ ኖሯል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ብዙው ከማረሻው ተነሥቶ የሄደ ገበሬ ነበረ። ኃያላን መንግሥታትም ይህን ስለሚያውቁ፥ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የመሣሪያን ንግድ የሚገድበውን ስምምነት እንድታከብር ቃል አስገቧት። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራረመች። ከአምስት ዓመት በኋላ ከፈራሚዎቹ አንዷ ወረረችን! እንግዲህ ባላገሩ «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲባል ቢጠራጠር፥ ካለማወቅ ብቻ ነው ማለት አይገባንም።

ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ሲሆን፥ ማን፥ ምን ዓይነትና እንዴት ባለ ሁኔታ እንዲይዝ በዝርዝር የተወሰነው በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ ነው። ለጦር ሜዳ የተሠራ ከባድ መሣሪያ ለግለሰብ አይፈቀድም። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አካባቢም ቢሆን፥ ልማዱ ከምዝገባ ነፃ አያወጣም።

አሁን ይህን ሕግ ይዘን ወደ ሙዱላ እንውረድ። ሙዱላ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ እንሰት ተክሎ፥ ከብት አርብቶ የሚኖረው ገበሬ ሌሊት ውሻው ሲጮኽ ተነሥቶ የሚይዘው ዱላ ወይም ገጀራ ነው፤ ፖሊስ እስኪደርስለት የሚጠብቅ የለም። ታዲያ ይህ ሰው ሌባውን ቢመታው ምን ይባላል?

መልሱ ከመሣሪያ አዋጁ ሳይሆን ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ይገኛል። ሕጉ የሚመረምረው ጥቃቱ ከሕግ ውጭ መሆኑን፥ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆኑን፥ በሌላ መንገድ ሊወገድ አለመቻሉንና መከላከሉ ከአደጋው ጋር መመጣጠኑን ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥሎ የሚሸሸውን ሌባ ከኋላው ቢተኩስበት ፈቃዱ አያድነውም፤ በዱላ ብቻ ነፍሱን ያዳነ ግን ሊድን ይችላል። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነም አንቀጽ 79 ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀል፥ ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ነፃ እንዲያደርገው ይፈቅድለታል። እኛ ይህ አንቀጽ ከብዙ ስብከት ይልቅ የሰውን ጠባይ ያወቀ ይመስለናል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። አባቱ ሞቶ አሮጌ ጠመንጃ የቀረለት ልጅ፥ ጠመንጃው የክብር ዕቃ እንጂ ወንጀል አይመስለውም። አስመዝግብ የሚለውንም ቃል ከ«ውሰዱበት» ለይቶ አይሰማውም። ይህን ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ፍርድ ቤት ሳይሆን የቀበሌው ወይም የወረዳው ወጣት ሹም ነው። ሹሙ አዋጁን ሳያነብ፥ ምናልባትም ቀድሞ በማስፈራራት ቢጀምር፥ ጠመንጃው በዚያው ሌሊት ከጣሪያው ሥር ወደ እንሰቱ ሥር ይዛወራል።