ፊልሙ አማርኛ፣ ፋይሉ እንግሊዝኛ

ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ማጫወቻው ግን የድምፁን ቋንቋ «እንግሊዝኛ» ብሎ ያሳያል። ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም። ኤምኬቪ እየተባለ የሚጠራው የማትሮስካ ፋይል ደንቡ እንዲህ ነው፦ የድምፁ ቋንቋ ካልተጻፈ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2024 አርኤፍሲ 9559 ተብሎ በይፋ ሲታተምም ይኸው አንቀጽ አልተነካም።

ይህን ሴራ ማለት አይቻልም። ማትሮስካ በ2002 ሲጀመር የተለመደውን ሳይጽፉ መተው ቦታ ይቆጥብ ነበር። ዛሬ አንቀጹ ቢቀየር ደግሞ ቋንቋቸው ያልተጻፈ የቆዩ ፋይሎች ሁሉ ትርጉማቸው ይዛባል። ቢሆንም ዝም ያለ ሁሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኖ መቆጠሩ ያስገርማል።

መፍትሔው ያለው ምስልን፣ ድምፅንና ሰብታይትልን በአንድ ፋይል የሚያሽጉት ሶፍትዌሮች ዘንድ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ኤምኬቪቱልኒክስ ነው፤ ጀርመናዊው ሞሪትዝ ቡንኩስ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያሻሽለው የኖረ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም። ቋንቋ ካልተነገረው እንግሊዝኛ ብሎ አይገምትም፣ «አይታወቅም» ብሎ ይጽፋል። ቀድሞ የሚቀበለው አጭሩን የቋንቋዎች ዝርዝር ብቻ ነበር። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ግዕዝ ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ሀዲይሳና ጋሞኛ ግን የሉም። ከ2020 ወዲህ ከሰባት ሺህ በላይ ቋንቋዎችን የያዘው ሰፊው ዝርዝር ገብቶበታል። ዛሬ የጋሞኛ ፊልም የሠራ ሰው ቋንቋውን በስሙ ማስመዝገብ ይችላል።

ስለዚህ ኳሷ ያለችው በፊልም ሠሪዎችና በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሜዳ ነው። ለመብራቱ፣ ለካሜራው፣ ለፖስተሩ ገንዘብ ይወጣል። የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ ግን የቋንቋውን ሳጥን የሚሞላ ሰው ይጠፋል። «የፋይሉ ስም ላይ ተጽፏል እኮ» የሚል አይታጣም። ስምማ ማንም ይቀይረዋል፤ ፋይሉ ሁለት ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ «ፊልም 1» ሆኖ ይገኛል። ከውስጥ የተጻፈው ቋንቋ ግን አብሮት ይሄዳል።

ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው ውጭ አገር ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። እናት ማጫወቻውን «አማርኛ ካለ አማርኛውን አስቀድም» ብላ ታስተካክለዋለች። ፋይሉ ሁለት ድምፅ ይዞ፣ አማርኛው ምልክት ከሌለው፣ ልጆቹ የሚሰሙት ሌላውን ነው። ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ ይመጣል፦ ከዓመታት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ካሉበት ማኅደር «የሀዲይሳውን አምጣ» ሲባል ኮምፒውተሩ ምንም የለም ይላል። ያኔ አንድ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ከፍቶ ማዳመጥ ሊኖርበት ነው።

ማረሚያው ደግሞ ቪዲዮውን እንደገና ማቀነባበር አይጠይቅም። ምስሉም ድምፁም ሳይነካ የፋይሉ መግለጫ ብቻ ይታረማል፤ ሥራው በሰከንዶች ያልቃል። ጣቢያዎች ከአምራቾች ፊልም ሲረከቡ የቋንቋው ምልክት ያልተሞላበትን ፋይል መመለስ ቢጀምሩ ይበቃል።