ኮድ ማጽዳት ሥራ ነውን?

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። የሶፍትዌር ትምህርት የሚከታተል ጓደኛችን ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ሰንብቶ ነበርና ምን እንደ ሠራ ብንጠይቀው፣ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚገኘውን የአንድ አሮጌ ፋይል ክፍት ቦታና አሰላለፍ ሲያስተካክል መክረሙን ነገረን። ወዲያው ሳቅ ሆነ። «ፕሮግራሙ ትናንት የሠራውን ዛሬም ያንኑ የሚሠራ ከሆነ፣ ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?» አሉት።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የኮድ ዐዋቂ ነኝ አልልም። ዳሩ ግን ነገሩ የጽሕፈትና የንባብ ጉዳይ ስለ ሆነ አስተያየቴን ብሰጥ ድፍረት አይሆንብኝም።

ከርነል ማለት የኮምፒዩተሩን አካላትና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኝ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። በኪሳችን ያለው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ ከርነል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውም እንደ እኛው ተማሪ የነበረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ዛሬ ግን የብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ያረፈበት፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር ያለው ጽሑፍ ሆኗል። ስለዚህም የራሱ የአጻጻፍ ደንብ አለው፤ ገባ የሚለው መስመር በታብ የስምንት ፊደል ያህል ይግባ፤ ፋንክሽን አጭር ይሁን፣ አንድ ነገር ብቻም ይሥራ፤ መስመርም ከ80 ፊደል ባያልፍ ይመረጣል ይላል።

«ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአፕል ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ላይ የተገኘውን ስሕተት ያስታውስ። አንዲት መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጻፈች፤ አሰላለፏ ግን ከበላይዋ ያለው ቅድመ ሁኔታ የሚገዛት አስመሰላት፤ በዚህም የምስጢራዊውን ግንኙነት ማረጋገጫ ከንቱ አደረገችው። አንባቢን ያታለለው አጻጻፉ ነበር። እንግዲያስ የሳቁት ተሳስተዋል።

ይሁን እንጂ ጓደኛችንም ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ደኅና የሚሠራን አሮጌ ፋይል ለውበት ብቻ መነካካት ጉዳት አለው። እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼና ለምን እንደ ለወጠው የሚያሳየው ጊት የተባለው መዝገብ በጽዳቱ ይሸፈናል፤ ሌሎች በዚያው ፋይል ላይ የጀመሩት ሥራ ይጋጫል፤ የመርማሪውም ጊዜ ያልቃል። የከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊዎች ከሌላ ሥራ ጋር ያልተያያዘ ተራ ጽዳት እንደማያበረታቱ በመመሪያቸው ጽፈዋል። ሆኖም ለጀማሪ ቦታ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ስቴጂንግ የተባለው ክፍል ገና ያልበሰሉ ድራይቨሮችን ሰብስቦ የሚያጸዳቸውን ሰው ይጠብቃል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የወጣ ሁሉ የቀርከሃውን ቤት አይቷል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ጉንጉኑ ጠመመ ብሎ ደኅናውን ግድግዳ የሚፈታ የለም። ሸማኔውም ክሩን የሚያቃናው ድሩን ሲያደራ ነው እንጂ ሸማው ካለቀ በኋላ አይደለም። የኔም ሐሳብ ይኸው ነው፦ አዲሱ በደንቡ ይጻፍ፤ አሮጌው ለጥገና ሲነካ አብሮ ይጽዳ።

ይህን ስል የራሳችንን ጓዳ አልረሳሁም። በዚሁ መጽሔታችን አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ይላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ለየራሳቸው ቁጥር ስላገኙ፣ በኮምፒዩተር ተራ ፍለጋ አንደኛውን የሚፈልግ ሰው ሌላውን አያገኝም። እኛ የኮድ ጽዳትን ስንንቅ፣ ነገ በጽሑፎቻችን ውስጥ አንድ ቃል የሚፈልግ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይህን አሳስባለሁ፦ የአንድ ገጽ የሆሄያት ደንብ ይውጣ፤ ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ ይሠራበት፤ ያለፉት ዕትሞች ግን እንዳሉ ይቆዩ። የትኛው ፊደል ይመረጥ በሚለው ብንከራከርም፣ አንዱን መርጦ መጽናት ከሁሉ ይሻላል።

ጓደኛችን ያንን ትልቅ ፓች ትቶ ከስቴጂንግ አንድ ትንሽ ድራይቨር መርጧል። ከሳቁበት አንዱንም ትናንት ማታ አጠገቡ ተቀምጦ መስመር ሲቆጥርለት አየሁት።