ከተማው የሚገባበት ሆቴል

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ሙዚቃ መስማት ያማረው ሰው ሁለት አማራጭ ነበረው። ወይ ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት ወደ ቤቱ መሮጥ፣ ወይ ሆቴል ገብቶ በሩ ሲዘጋ እስኪነጋ ድረስ መጨፈር። ሒልተን ዋልያስ ባንድ ነበረው፤ ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ፣ ግዮን ደግሞ ዳህላክ ባንድ። ውጭ መንገዱን ወታደር ይዞታል፤ ውስጥ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ አላረፉም። ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ በሸክላ እየታተመ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጥቂት የማይባለው ክፍል የበሰለው በእነዚህ ሆቴሎች መድረክ ላይ ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የቀድሞ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ዞሮ ያገኘው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሙዚቃ ልጽፍ አይደለም። ለሁለት ለሦስት ቀን አዲስ አበባ የሚያርፍ ሰው፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣ ዲያስፖራ፣ አልጋ ሊይዝ ሲል «ታሪካዊው ይሻላል ወይስ ዘመናዊው?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር ነው። ጥያቄው ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ጎራ የእንጨት ደረጃና ከፍ ያለ ጣሪያ ይዞ ይሟገታል፤ ሌላው የማይቋረጥ ሙቅ ውሃና ጸጥ ያለ ሊፍት ይዞ። የሒልተን ታሪክ ግን ሁለቱንም ያሳፍራል። ሒልተን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት የአሜሪካ ኩባንያ የሚያስተዳድረው፣ ከከተማው መልክ ወጣ ያለ አዲስ የኮንክሪት ሕንጻ ነበር። ያኔ ታሪካዊ ያለው ማንም የለም። አሥር ዓመት ሳይሞላው ግን የአንድ ትውልድ ሌሊት ያለፈበት ቤት ሆነ። ሕንጻው አላረጀም፤ የከተማው ሰው ግን ገባበት።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ለአጭር ቆይታ ሆቴል ሲመረጥ ዕድሜውም ኮከቡም ሁለተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የከተማው ሰው እዚያ ቤት የሚገባበት የራሱ ምክንያት አለው ወይ የሚለው ነው። ነባር ሆቴሎች በዚህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ያሸንፋሉ። ሁልጊዜ ግን አያሸንፉም፤ የሚሸነፉበት ምክንያትም ከሚያሸንፉበት ያላነሰ ያስተምራል።

አጭር ቆይታ ከረዥሙ የሚለየው በዚህ ነው። ወር የሚቀመጥ ሰው ዘመድ ቤት ይበላል፣ ሰፈር ይለምዳል፣ ሆቴሉ ለመኝታ ብቻ ይሆንለታል። ለሦስት ቀን የመጣው ግን ቁርሱንም፣ ማታውንም፣ ዝናብ ሲጥል ከሰዓቱንም የሚያሳልፈው ሆቴሉ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን የመጣ እንግዳ ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ሰውነቱ ገና ከቀትር በኋላ ላይ ነው፤ ዓይኑ የሚከደነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ጠዋት በሙዚየም እየፈዘዘ ይዞራል፤ ሙሉ ለሙሉ የሚነቃው ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ከራሱ ቢጤ መንገደኞች በቀር ሰው ከሌለ፣ ከመጣበት ከተማ አየር ማረፊያ የወጣ አይመስለውም።

ወደ መነሻው እንመለስ። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ ላይ ያሠሩት ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። በአፍ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት ሰዉ በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮት ሳይመጣ ስለቀረ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ለሌላው አርአያ ሆኑ ይባላል። በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ የሚያመለክተው ትልቅ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ሆቴላችን የመጀመሪያ ችግሩ የመንገደኛ እጦት አልነበረም፤ ከተማውን ማስገባት ነበር።

ገብቶም ነበር። ጣይቱ ሆቴል ለዓመታት በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በጾም ቡፌውና ጃዝ አምባ በተባለው የሙዚቃ መድረኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከአካባቢው ቢሮ የወጣ ሠራተኛ፣ ሻንጣ ያዘለ ፈረንጅና ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ያንኑ ሽሮና ጎመን ለመቅዳት አንድ ሰልፍ ይይዙ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ጃዝ አምባ የቆዩትን ድምፃውያንና አዳዲሶቹን ሙዚቀኞች ባንድ መድረክ ያገናኝ ነበር። ወለሉ ሲረገጥ ይንጫጫል፤ በጓሮ ያሉት ርካሽ ክፍሎች መታጠቢያቸው የጋራ ነው። ማንም ግን ለዚያ ብሎ አይቀርም ነበር።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሣ። ከተቃጠለው ውስጥ ጃዝ አምባ አንዱ ነበር። ብዙ ሰው ያኔ ያለቀሰው ለእንጨቱና ለጣሪያው ነው፤ ቅርስ ጠፋ ተባለ። እኔ ትልቁ ጉዳት መድረኩ ይመስለኛል። ሕንጻ ይጠገናል፤ ሰዉን ሐሙስ ማታ ፒያሳ የሚያመጣው ልማድ ግን ከተቋረጠ መልሶ ማቋቋሙ ከአናጢ ሥራ በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ፒያሳ ያለው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። እነዚያ ሥጋ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎችና ጠባብ ግቢዎች የሆቴሉ ደንበኞች የሚኖሩባቸውና የሚሠሩባቸው ነበሩ። ቅርስ ነው ተብሎ ሕንጻው ቢጠበቅ እንኳ፣ ሰፈሩን ያጣ ሆቴል በምን ይኖራል የሚለውን ጥያቄ በጥገና በጀት ብቻ መመለስ አይቻልም።

አዲሶቹ የቅንጦት ሆቴሎች ይህን ጉድለት ያውቁታል፤ መድኃኒቱን ግን በጌጥ ፈለጉት። ቦሌ አካባቢ ካሉት አንዱ ሎቢ ገብታችሁ እዩ። እምነበረዱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ረከቦት ተዘርግቷል፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቡና ቆልታ ጭሱን ወደ እንግዶቹ ታራግባለች። እንግዳው ፎቶ ያነሣል፤ ስኒውን ይቀበላል፤ ቆሞ ይጠጣል፤ መኪናው ደርሶ ይሄዳል። ከአቦል አልፎ ቶናን የሚጠብቅ የለም፤ በረካማ ጨርሶ አይታሰብም። ልጅቱ ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች። የቀረው ቡናው የሚጠራው ጎረቤት ነው።

በሩም የራሱ ድርሻ አለው። ፍተሻ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ በዚህ ዘመን ማንም አይክድም። ነገር ግን መኪናውን በመስታወት፣ ቦርሳውን በማሽን፣ ሰውየውን ደግሞ በዓይን የሚፈትሽ በር አለ። ሦስተኛው ፍተሻ ነው ከተማውን ውጭ የሚያስቀረው። በእግሩ የመጣ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ሰው «ማንን ፈልገህ ነው?» ከተባለበት ቤት ሁለተኛ አይመለስም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን ሸራተን አዲስን ማንሣት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት ዙሪያውን ከነበሩት የቆርቆሮ ቤቶች ጋር ሲተያይ ብዙ ተባለበት፤ የተባለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም ባለፉት ዓመታት ስንት ሙሽራ አዳራሹ ውስጥ ተዳረ፣ ስንት ቤተሰብ ለበዓል በሙዚቃ የሚወናጨፈውን ፏፏቴ ለልጆቹ ሊያሳይ መጣ። አቅም ያለው የከተማው ሰው ገብቶበታል፤ በዚያው መጠን የከተማው ሆኗል። ግዮንም እንዲሁ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አልበሙን ቢከፍት የግዮን ዛፎች ሥር የቆመ ሙሽራ አያጣም፤ ክፍሎቹን ግን አንድም ቀን አድሮባቸው አያውቅም።

ሒልተን አሁንም ከሁሉ የሚለየው በውሃው ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርዳ የተቆረቆረችው በፍል ውሃው ምክንያት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን የወደዱት ለዚያ ነው። የሒልተን መዋኛ ከዚያው የከርሰ ምድር ሙቀት የሚመጣ ማዕድናዊ ውሃ ይሞላዋል፤ ቅርጹም የላሊበላን መስቀል ተከትሎ የተሠራ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትወጣ እንፋሎቱ ከገንዳው ላይ ሲነሣ፣ ውስጡ ያሉት አብዛኞቹ እዚያ ያላደሩ ናቸው። በአባልነት ከፍለው በየጠዋቱ የሚመጡ ጡረተኛ ዲፕሎማቶች፣ ነጋዴዎች፣ ሐኪም ዋና ያዘዘላቸው ሰዎች። አንገታቸውን ብቻ አውጥተው ስለ ዶላርና ስለ ልጆቻቸው ቪዛ ያወራሉ። ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ የከተማ ጉብኝት የለም፤ አስጎብኚም አያስፈልገውም።

አንድ ጊዜ ወደ ኢስታንቡል እንሻገር፤ ያገራችን መንገደኛም የሚያዘወትራት ናትና። ፔራ ፓላስ እ.ኤ.አ. በ1892 በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ለሚመጡ መንገደኞች የተሠራ ሆቴል ነው። የከተማዋ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሊፍት ዛሬም እዚያው አለ፤ አታቱርክ ያርፍበት የነበረው 101 ቁጥር ክፍል ሙዚየም ሆኗል፤ ከትልቅ እድሳት በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና ተከፈተ። ጥገናው የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ታሪኩ በሙሉ በበር ላይ በተለጠፈ ስም ሲያልቅ፣ እንግዳው የሚከፍለው ለሞቱ ሰዎች ጉርብትና ይሆናል። የእኛ ራስ ሆቴልም ተመሳሳይ ፈተና አለበት። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ለወታደራዊ ሥልጠና አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ያረፉበት ሆቴል ነው ይባላል፤ ስማቸውም ቤቱን ሲያስጠራው ኖሯል። የራስ ትልቁ ሀብት ግን ሌላ ነው። ከበሩ ሲወጡ ብሔራዊ ቴአትር አለ፤ ከፊት ለፊቱ ሞሪስ ካልካ የቀረጸው የአንበሳ ሐውልት አለ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ለገሃር፣ ወደ ላይ ሲወጡ ፖስታ ቤት። ቴአትር ሊገባ የመጣ ሰው ማኪያቶ የሚጠጣበት ቦታ ይፈልጋል። ይህን ደንበኛ በማስታወቂያ ማምጣት አይቻልም፤ ቦታው ራሱ ነው የሚያመጣው።

የነባሮቹን ገበና መሸፈን ግን አይገባም። ብዙዎቹ በደርግ ጊዜ ወደ መንግሥት እጅ ገብተው ለአሥርት ዓመታት የተገኘው ገቢ ወደ ቧንቧና ሽቦ አልተመለሰም። «ታሪካዊ» የሚለው ስም ለማይሠራ ቦይለር ማመካኛ ሲሆን አይቻለሁ። ፎጣው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው ይፈለጋል፤ ቅሬታ ሲቀርብ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ስለ ንጉሡ ዘመን ያወራል። ለእንዲህ ያለ ቤት በዶላር መክፈል ቅርስን መደገፍ አይደለም፤ ስንፍናን መደጎም ነው። የእንጨት ሕንጻ ሲሆን ደግሞ የእሳት መውጫው የት እንደሆነ ሳይጠይቁ መተኛት ድፍረት ነው።

ስለዚህ ዘመናዊውን ያለ ሐፍረት የሚመርጥ ሰው አለ። ለአንድ ሌሊት በትራንዚት የሚያልፍ ሰው ፒያሳ ድረስ ምን ያንከራትተዋል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው፣ ኋላም ከ1,000 በላይ ክፍሎች እንዲኖሩት ያስፋፋው ስካይላይት የተሠራው ለእርሱ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ጉልበታቸው የሚያማቸውን እናቱን ይዞ የመጣም ሊፍት ያለበትን ይምረጥ። ሕፃን ያለውም እንዲሁ፤ ሌሊት ሙቅ ውሃ ሲያጣ ታሪክ አያጽናናውም።

የቀረው ግን አልጋ ከመያዙ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ደውሎ «አንተ እዚያ ሆቴል የምትሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። «ለዋና»፣ «እሁድ ምሳ»፣ «የእህቴ ሰርግ እዚያ ነበር»፣ «ማታ ባንድ አለ» ከተባለ ጥሩ ነው። «አሪፍ ነው ይላሉ፣ ገብቼ ግን አላውቅም» ከተባለ፣ ሎቢው የቱንም ያህል ቢያምር ይለፈው። ዕድሜውን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ፤ ዋጋውንም እንዲሁ።

ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ኪሱ ከቻለ ሒልተን፣ ካልቻለ ራስ እለዋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ክፍሉን ሳያይ፣ ሻወሩንም ከፍቶ ሳይሞክር ቅድሚያ እንዳይከፍል አስጠነቅቀዋለሁ። ጣይቱን በእግሩ ሄዶ ምሳ ይብላበት፤ ከዚያም ወደ ጊዮርጊስ፣ ሲልም ወደ ጃንሜዳ ይዝለቅ። የካቲትን ከመረጠ ግን ከአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስቀድሞ ያጣራ፤ በዚያ ሳምንት ትልልቆቹ ሆቴሎች በልዑካን ይሞላሉ፤ ዋጋውም ይሰቀላል፤ መንገዱም ለመሪዎች አጀብ ሲባል ይዘጋል።