በሙዳይ የቆየ ማተብ

በቃሊቲ ሰፈራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ በጉርብትና የኖርን አንድ ባልንጀራዬ፣ ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ነጠላውን ደጋግሞ እያጣፋ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ «ልጄ እኮ ማተቡን በጠሰ» አለኝ። ያሳዘነው የክሩ ነገር ብቻ አልነበረም፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሥቶ፣ ጾሙን አስጹሞ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አመላልሶ ያሳደገበት ድካም ሁሉ ውሃ የበላው መስሎ ታየው እንጂ።

የማጽናኛ ቃል ቢጠፋኝ የራሴን ነገር አሰብሁ። አባቴ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በነበረበት ዘመን እናቴ ከየኔታ እግር ሥር አስቀምጣኝ፣ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌሉና ወደ ዳዊቱ በስንደዶ እየጠቆምሁ ዘለቅሁ፤ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በግዕዝ ስወጣው ግን ከምሥጢሩ ይህ ነው የምለው አልገባኝም፤ የኔታም ይግባህ ብለው አላስጨነቁኝም። የአብነት ትምህርት ሥርዓቱ ንባቡን ለልጅነት ሰጥቶ ትርጓሜውን ለዕድሜ ያቆያልና፤ ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቅ የሕፃኑን ማስተዋል አትጠብቅም። (ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት እምቢ ቢለው፣ የመምህሩ የጌዴዎን አለንጋ ያልፈጸመውን፣ ዛፍ ስትወጣና ስትወድቅ ያያት ትል እንደፈጸመችው ሁላችን እንተርካለን፤ ወላጆች ሆነን ከታሪኩ የወረስነው ግን አለንጋውን ይመስለኛል።)

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው መባል ሲጀመር፣ እኔም ማተቤን በምላጭ ቆርጬ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ጣልሁት። እናቴ አንገቴን አየች፤ ምንም አላለችም። ከብዙ ዘመን በኋላ አባቴ አርፎ ካህናቱ ዳዊት ሲደግሙ፣ ከድንኳኑ ጥግ ቆሜ ከንፈሬ ሳላዘው አብሮ ይደግም ጀመር፤ ያን ዕለት ደግሞ ንባቡ ትርጓሜውን ይዞ መጣ። እናቴም በተራዋ ስታርፍ ሙዳይዋን ብንከፍት፣ ጥቁሩ ክር ቋጠሮው እንዳለ ተቀምጦ ተገኘ።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ዘመኑ ራሱ ይመሰክራል። በ1983 ዓ.ም. ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ የከተቱት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፣ በደርግ ትምህርት ቤት የማርክስን ፍልስፍና እየተማሩ ያደጉ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ለጸሎት ተሰበሰቡ፤ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል እነዚያው ነበሩበት። ያን ጸሎት ካስተማሯቸው እናቶችና የንስሐ አባቶች መካከል ፍሬውን ሳያዩ ያለፉ ይኖራሉ።

ከትናንት በስቲያ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ የባልንጀራዬ ልጅ ከጎኔ ተቀመጠ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ ቀኝ እጁ ወደ ግንባሩ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቆመና፣ ጠጉሩን እንደሚያስተካክል ሰው ተመለሰ። እኔም እንዳላየ ሰው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ ለአባቱም አልነገርሁት።